«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዘንባል»፦ ርዕሱ የጠፋ የልጅነት ታሪክ የተገኘበት መንገድ (የጉዳይ ጥናት)

ለቤተ መጻሕፍቱ የማጣቀሻ ጠረጴዛ የደረሰው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ቢጫ ይመስለኛል። ሌላ ዓለም ላይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያባራ ይዘንባል፣ ከዚያ ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ብቻ ትወጣለች። አንዷን ልጅ የክፍል ጓደኞቿ ይቆልፉባትና ፀሐይዋ ታመልጣታለች። በመጨረሻ አበባ ይሰጧታል። ርዕሱ ላይ ዝናብ የሚል ቃል አለ። ስሙን ብቻ ብትነግሩኝ።»

ስምንት ፍንጭ ነው። እንደተነገሩት ልክ ሆነው የተገኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ዓለምና የተቆለፈባት ልጅ። የሽፋኑ ቀለም እስከ መጨረሻው አልተረጋገጠም። የቀሩት አምስቱ ስሕተት ነበሩ። ስሕተት ይባሉ እንጂ አንዳቸውም ከባዶ የመጡ አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው እውነተኛ መነሻ ነበራቸው፣ የተሳሳተው የተቀመጡበት ቦታ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሥራ አዲስ ባለሙያ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት የማይገጥም ፍንጭ ሲያገኝ መጣሉ ነው። ይህ ጉዳይ የተፈታው ፍንጮቹ ሳይጣሉ ቦታቸው ስለተፈለገላቸው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄውን መቀበል

ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠያቂዋን ቃል ሳትነካው ገለበጠችው። «የሥዕል መጽሐፍ» የሚለውን «ሥዕል ያለው መጽሐፍ» ብሎ ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለቱ በካታሎግ ውስጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጠያቂዋ የትኛውን እንዳሉም ኋላ ማወቅ አይቻልም። ከዚያ ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ከፈለችው፦ የተባለው ነገር፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ፣ እንዴት እንዳወቁት። ሦስተኛው ዓምድ ብዙ ቦታ የሚዘለል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን መፍትሔው የወጣው ከእሱ ነው።

ቀጥሎ የጠየቀችው ስለ መጽሐፉ አልነበረም። «የሚፈልጉት ታሪኩን ነው ወይስ ያኔ በእጅዎ የያዙትን ያንኑ መጽሐፍ?» አለቻቸው። «ታሪኩን። መጽሐፉም ከተገኘማ እሰየው።» ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ሲቀር ባለሙያው ታሪኩን አግኝቶ ጉዳዩን ይዘጋል፣ ጠያቂው ደግሞ «ይሄ አይደለም፣ ሽፋኑ ሌላ ነበር» ብሎ ይመለሳል።

ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ጥያቄ ማድመጥ ነበር። ዝምታው ለትሕትና ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ባወጡት ጥናት ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ፤ ለአንዱ ቡድን መኪኖቹ «ሲጋጩ» ለሌላው «ሲንኮታኮቱ» ፍጥነታቸው ምን ያህል እንደነበር ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ «ሲንኮታኮቱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። የሳምንት ትዝታ በአንድ ቃል እንዲህ ከተናጋ፣ የሠላሳ ዓመት ትዝታ ላይ «ሽፋኑ ላይ ፀሐይ ነበረች እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ፀሐይን በገዛ እጅ ሥሎ መስጠት ነው። ትክክለኛው አጠያየቅ «ሽፋኑን ሲያስቡት ምን ይታይዎታል?» ነው። «ቢጫ። ሌላ ምንም» አሉ።

በነፃ ሲያወሩ ግን በጽሑፉ ላይ ያልነበረ አንድ ነገር አመለጣቸው፦ ልጅቷ ከሌላ ቦታ የመጣች ናት፣ ፀሐይን ታውቃለች፤ ሌሎቹ አያስታውሷትም። ይህ ከቢጫ ሽፋን መቶ እጥፍ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹ ወደ ንባቡ ዞሩ። ሰው የታሪኩን ዝርዝር ይረሳል፤ የት ተቀምጦ እንዳነበበ ግን ብዙ ጊዜ አይረሳም።

«መጽሐፉን ቤት ይዘውት ይሄዱ ነበር?»

«አይ፣ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀረው። መምህሯ ታከፋፍለናለች፣ ስንጨርስ ትሰበስባለች።»

«ታሪኩ ሲያልቅ፣ ከሥሩ ገጹ ላይ ምን ነበር?»

ዝም አሉ። ቀጥለው፦ «ጥያቄዎች። ቁጥር ያላቸው። አንዱን ጮክ ብዬ እንድመልስ ተደርጌ አፍሬ ነበር።»

የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ቁጥር ያለው ጥያቄ አይኖረውም። የተፈለገው መጽሐፍ ታሪኮችን የያዘ የንባብ መማሪያ ነበር ማለት ነው፤ ታሪኩም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሳይሆን አጭር ልብ ወለድ ነው። ሥዕሉ እውነት ነው፣ የንባብ መማሪያዎች በየታሪኩ ሥዕል ያስገባሉ። ፍንጩ ጠፍቶ አልነበረም፣ የመጽሐፉ ዓይነት ነበር የተቀየረው። ጠያቂ «መጽሐፍ» ሲል ባለሙያ በልቡ «መጽሐፍ፣ ታሪክ፣ መጽሔት ወይስ ፊልም?» ማለት አለበት።

አበባውም ላይ እንዲሁ ሆነ። «አበባ ሲሰጧት የነበረውን ይንገሩኝ» ሲባሉ ጠያቂዋ የልጆቹን ፊት፣ ቀስ ብለው ሲጠጉ፣ የዝናቡን ድምፅ ጭምር ገለጹ። ሌላው ትዝታቸው ሁሉ ድምፅ አልባ ነው፤ ይህ ብቻ ድምፅ አለው፣ ሰውም ይንቀሳቀስበታል። በሦስተኛው ዓምድ ላይ «በገጽ ያዩት» ተብሎ የነበረው ተሰረዘና «ምናልባት ፊልም» ተባለ።

ፍንጮቹን ማበጠር

ለፍለጋ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ በጣም እርግጠኛ የሆኑበት ፍንጭ አይደለም፤ ከሌሎች ታሪኮች የሚለየው ነው። የሽፋን ቀለም በካታሎግ አይመዘገብም፣ በየእትሙም ይለወጣል። ቁጥር በትዝታ ውስጥ ቶሎ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ከመፈለጊያ ቃላት ይወጣል እንጂ ከወረቀቱ አይሰረዝም። የርዕስ ቃል ከሁሉ በላይ አሳሳች ነው፤ ትዝታ ርዕስ ሲያጣ ከታሪኩ ጎልቶ የቀረውን ምስል ወስዶ ርዕስ ያደርገዋል። በዚህ ታሪክ ደግሞ ከዝናብ የሚጎላ የለም።

የተረፉት አራት ነበሩ፦ የማያቋርጥ ዝናብ፣ ለአጭር ጊዜ የምትወጣ ፀሐይ፣ በክፍል ጓደኞቿ የተቆለፈባት ልጅ፣ ፀሐይን የምታስታውስ እንግዳ። ለየብቻ ሲሆኑ ተራ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁለት ታሪክ የሚጋራቸው አይመስልም።

የዘመን ገደብም ተቀመጠ። ጠያቂዋ ያነበቡት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚህ የሚገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታሪኩ ከዚያ በፊት ተጽፏል። ምን ያህል በፊት እንደሆነ አይናገርም። የንባብ መማሪያ አሮጌ ታሪክ መልሶ ማተም ይወዳል፤ ስለዚህ ፍለጋውን በንባቡ ዙሪያ ባሉት አምስት ዓመታት መወሰን ትልቅ ወጥመድ ነው።

ከዚህ የጠበበው ገደብ የመጣው ከሰማይ ነው፣ ቃል በቃል። ጠያቂዋ «ሌላ ዓለም» አሉ እንጂ ስም አልጠሩም። ዘወትር የሚዘንብባት፣ ሰው ግን የሚኖርባት ፕላኔት የትኛዋ ናት? ቬነስ በወፍራም ደመና የተሸፈነች ስለሆነች፣ ከሥሩ ረግረግና ደን ይኖራል ብለው ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ይገምቱ ነበር። የአሜሪካው መንኮራኩር ማሪነር 2 በታኅሣሥ 1962 በአጠገቧ ሲያልፍ ገጽታዋ እጅግ የጋለ መሆኑ ታወቀ፤ የሶቪየት ኅብረቷ ቬኔራ 7 በ1970 አርፋ ከላይዋ መረጃ ስትልክ ነገሩ አበቃ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያለባት ዝናባማ ቬነስ ከ1962 በፊት ተጽፋለች ብሎ መጀመር ምክንያታዊ ነው። የዚህ ዓይነቱ ግምት ማስረጃ አይሆንም፣ መንገድ ይጠቁማል እንጂ፤ ከካታሎግ ማጣሪያ ሁሉ ግን የተሻለ ሠርቷል።

ያልሠራው ፍለጋ

የመጀመሪያው ሙከራ በካታሎጉ የርዕስ ሳጥን «ዝናብ» ብሎ በልጆች መጻሕፍት መገደብ ነበር። የወጣው ረጅም ዝርዝር ስለ ኩሬ፣ ስለ ጃንጥላና ስለ እንቁራሪት ነው። ያልተሳካበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የርዕሱ ቃል ስሕተት መሆኑ። ሁለተኛው ማጣሪያው ራሱ፦ የማርክ መዝገብ (ካታሎጎች በኮምፒውተር የሚጻፉበት ቅርጽ) በ008 መስኩ 22ኛ ቦታ ላይ የአንባቢውን ደረጃ በአንድ ፊደል ይይዛል፤ የልጆች ገደብ የሚሠራው በዚያ ፊደል ነው። ልጆች ክፍል ውስጥ ያነበቡት ታሪክ ግን ለአዋቂዎች ተብሎ በተመዘገበ መድብል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማጣሪያው መልሱን ራሱ ይደብቀዋል።

ሌላው ችግር የአጭር ልብ ወለድ ነው። ካታሎግ የሚገልጸው ጥራዙን ነው፤ በውስጡ ያሉት ታሪኮች የሚታዩት መዝጋቢው 505 በተባለው የማውጫ መስክ ከዘረዘራቸው ብቻ ነው፤ ብዙ መዝገብ ላይ ይህ መስክ ባዶ ነው። 520 ላይ ያለው ጭምቅ ሐሳብም ስለ መድብሉ በጥቅሉ ያወራል እንጂ ስለ አንዲት ልጅ አያወራም።

የቃል ምርጫም አለ። ልጅቷ የተቆለፈችበትን ቦታ አሜሪካዊ ጸሐፊ «ክሎዜት» ሲለው፣ እንግሊዛዊ መዝጋቢ «ካፕቦርድ» ወይም «ዋርድሮብ» ሊለው ይችላል፤ ሁሉም ቁም ሳጥን እንደማለት ናቸው። ሦስቱንም በየተራ መሞከር ግድ ነው።

ማጣሪያው ተነሥቶ «ቬነስ» እና «ዝናብ» አንድ ላይ ሲፈለጉ በመጀመሪያ የወጣው የአሜሪካዊው ጸሐፊ የሬይ ብራድበሪ «ዘ ሎንግ ሬይን» ነበር፤ «ረጅሙ ዝናብ» እንደማለት ነው። በ1950 ወጥቶ በ1951 በደራሲው መድብል የተካተተ ነው። ዝናቡ አለ፣ ቬነስ አለች፣ በርዕሱም ላይ ጠያቂዋ ያሉት ቃል አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ተገኘ!» ብሎ ይጨርሳል። ታሪኩ ግን ከዝናቡ የሚያድናቸውን መጠለያ ፍለጋ ስለሚጓዙ አዋቂ ወንዶች ነው፤ ልጅ የለበትም፣ ትምህርት ቤት የለበትም። ከአራቱ ዋና ፍንጮች ሦስቱን የማያሟላ ታሪክ፣ ርዕሱ የቱንም ያህል ቢገጥም፣ ይወድቃል። ወድቆም ግን ጠቅሟል፤ ያው ደራሲ በዚያው ዘመን ስለዚያችው ፕላኔት ሌላ የጻፈው ይኖር ይሆን?

አለ። የኢንተርኔት ስፔኩላቲቭ ፊክሽን ዳታቤዝ የሚባለው መዝገብ ከካታሎግ በተቃራኒ እያንዳንዱን ታሪክ ለብቻው ይመዘግባል፣ የታተመባቸውንም ጥራዞች ይዘረዝራል። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ካልሆነ ደግሞ «ሾርት ስቶሪ ኢንዴክስ» የተባለው ማውጫ በደራሲ፣ በርዕስና በጉዳይ ይመራል። በብራድበሪ ስም ሥር ያሉት የ1950ዎቹ ታሪኮች አንድ በአንድ ሲታዩ «ኦል ሰመር ኢን ኤ ዴይ» ላይ ተደረሰ፦ በጋው ሁሉ በአንድ ቀን። መጀመሪያ የታተመው በመጋቢት 1954 «ዘ ማጋዚን ኦቭ ፋንታሲ ኤንድ ሳይንስ ፊክሽን» ላይ ነው። ርዕሱ ውስጥ ዝናብ የለም፤ ተቃራኒው ነው ያለው።

ልምድ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሳይዞር ጥያቄውን ሲያነብ ወዲያው ሊያውቀው ይችል ነበር፤ ታሪኩ በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደጋግመው ከሚመጡት አንዱ ነውና። የቻት ሮቦቶችም በቀላሉ ይመልሱታል። ያው ሮቦት ብዙም ያልታወቀ መጽሐፍ ሲጠየቅ ግን የሌለ ርዕስ ከሌለ ደራሲ ጋር አጋብቶ በልበ ሙሉነት ይሰጣል፤ ስለዚህ በካታሎግ መዝገቡ ያልተገኘ ርዕስ ለጠያቂ አይነገርም። ቶሎ ያወቀም ሰው የራሱ አደጋ አለበት፦ ርዕሱን ወርውሮ ይገላገላል፣ አበባው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ።

ማረጋገጥ

ርዕሱ ለጠያቂዋ አልተነገረም፣ ገና። ርዕስ ሲነገር ሰው ደስ ብሎት «አዎ፣ እሱ ነው» ማለቱ አይቀርም፣ ባይሆንም እንኳ። በቅድሚያ ባለሙያዋ ታሪኩን፣ ጥቂት ገጽ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበች። ከዚያ ደውላ አንድ ክፍት ጥያቄ ብቻ አቀረበች፦ «ልጅቷ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎቹ የምትለይበት ሌላ ነገር ትዝ ይልዎታል?»

«ገላዋን መታጠብ እምቢ ትላለች። ውኃው ጭንቅላቷን እንዲነካት አትፈልግም።»

ይህ በታሪኩ ውስጥ አለ፤ በጥያቄው ላይ አልነበረም፣ ማንም አላነሣላቸውም። ሳይጠቆም የመጣና ከጽሑፉ ጋር የገጠመ አንድ ዝርዝር፣ ተጠቁመው «አዎ» ከተባሉ አሥር ዝርዝሮች ይበልጣል።

ከዚያ የተሳሳቱት ፍንጮች በየቦታቸው ተመለሱ። በታሪኩ ዝናቡ የሚዘንበው ሰባት ዓመት ነው። ዘጠኝ የልጆቹ ዕድሜ ነው፤ ሁሉም ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ፀሐይ ባለፈው ስትወጣ ሁለት ዓመታቸው ስለነበር አያስታውሷትም። ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ባለቤቱ ነው የተቀየረው። መምህሯ ለልጆቹ የምትሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት የሚለው ልጅቷ ስለ ፀሐይ በጻፈችው አጭር ግጥም ውስጥ አለ፤ ግጥም ደግሞ በጆሮ ስለሚገባ ከሌላው ይበልጥ በትዝታ ይቀራል።

አበባ ግን በታሪኩ የለም። ታሪኩ የሚያልቀው ልጆቹ አፍረው በሩን ከፍተው ሲያስወጧት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አንድም ቃል የለም። አበባውን ያመጣው በ1982 ለቴሌቪዥን የተሠራው ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው፤ መጨረሻውን አስረዝሞ ልጆቹ የለቀሙትን አበባ ሲሰጧት ያሳያል። ጠያቂዋ ታሪኩን ካነበቡ በኋላ መምህሯ ፊልሙን አሳይታቸው ይሆን ተብሎ ሲጠየቁ፣ ጋሪ ላይ ተጭኖ ክፍል የሚገባ ቴሌቪዥን ትዝ አላቸው። ያነበቡትና ያዩት ተጋግረው አንድ ሆነው ኖረዋል። ይህ ባይታወቅ ኖሮ ታሪኩን ተቀብለው አንብበው «መጨረሻው የተቆረጠ እትም ሰጣችሁኝ» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ያንኑ መጽሐፍ

ታሪኩን መስጠት ቀላል ነው፤ ደራሲው በ1959 ባሳተመው «ኤ ሜዲሲን ፎር ሜላንኮሊ» መድብል ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ይኸው መድብል በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የወጣው «ዘ ዴይ ኢት ሬይንድ ፎርኤቨር» (ለዘላለም የዘነበበት ቀን) ተብሎ ነው፣ በውስጡ ያሉት ታሪኮችም በመጠኑ ይለያያሉ። በርዕሱ ላይ ዝናብ ስላለ ጠያቂው ወደዚያ እንደሚሳብ ግልጽ ነው፤ የማውጫው ገጽ ሳይታይ ግን አንዱን በሌላው ምትክ መስጠት አይገባም።

ቢጫውን መማሪያ ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ታሪኩ በብዙ የንባብ መማሪያዎች ገብቷል። አጠቃላይ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መማሪያ አያከማችም፣ አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌውን ያስወግዳል፤ የሚገኘው ባብዛኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የመማሪያ ስብስብ ውስጥ ነው። ፍለጋውን የሚያጠበው የሽፋን ቀለም ሳይሆን በዚያው መጽሐፍ የነበረ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሁለት የታወቁ ታሪኮች በአንድ ማውጫ ላይ ሲገናኙ የእጩዎቹ ቁጥር በአንዴ ይወርዳል። ጠያቂዋ ከዝናቡ ታሪክ በቀር ምንም አላስታወሱም። የክፍሉ ደረጃና የዓመቱ ግምት ተመዘገበ፣ የመማሪያው ነገር ግን ክፍት ሆኖ ቀረ።

ወደ ጥያቄ መዝገቡ የገባው ጽሑፍ ርዕሱንና ደራሲውን ብቻ አልያዘም። ከሥሩ የጠያቂዋ ቃል ከነስሕተቱ ሰፍሯል፦ «ዘጠኝ ዓመት ዝናብ፤ አንድ ሰዓት ፀሐይ፤ የሥዕል መጽሐፍ፤ አበባ ይሰጧታል፤ ርዕሱ ላይ ዝናብ አለ፤ ቢጫ ሽፋን (አልተረጋገጠም)።» በትክክለኛው ቃል ብቻ የተመዘገበ መልስ በመዝገቡ ውስጥ ሲፈለግ አይወጣም፤ የሚቀጥለው ጠያቂም የሚመጣው እነዚህኑ የተሳሳቱ ቃላት ይዞ ነው። ፊልሙ ለብቻው በሌላ መስመር ተጽፏል፣ «ዘ ሎንግ ሬይን»ም «ይመስላል፣ አይደለም፤ ልጆች የሉበትም» ተብሎ።